ቤልቪውን የዘጋው ጠጪው አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ብራሰልስ ቢራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ላምቢክ የሚባለውን የአካባቢውን ጎምዛዛ ቢራ የሚያመርቱት ነባሮቹ ጠመቃ ቤቶች የተዘጉት «የሰው ምርጫ ስለተለወጠ ነው» የሚለውን ግን አልቀበልም። የምኖረው በብራሰልሱ ሞለንቤክ፣ ከቀድሞው የቤልቪው ላምቢክ ፋብሪካ አቅራቢያ ነውና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላምቢክ እርሾ አይጨመርበትም። ከገብስ ብቅልና ካልበቀለ ስንዴ የወጣው ፈሳሽ፣ ዓመታት ከቆየ ሆፕስ (ቢራ ላይ የሚጨመር አበባ) ጋር ከተቀቀለ በኋላ ሰፊ ክፍት ገንዳ ላይ ያድራል፤ የሚያፈላው ከሌሊቱ አየርና ከቤቱ የሚያገኘው እርሾ ነው። ለዚህም በቀዝቃዛ ወራት ብቻ ይጠመቃል። ከዚያ የእንጨት በርሜል ውስጥ ይከርማል። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱ ተደባልቆ ጠርሙስ ውስጥ ዳግም ሲፈላ ጌዝ ይሆናል። ሦስት ዓመት የታሰረ ገንዘብ ማለት ነው፤ ለችኩል ባለሀብት አይመችም።

የቤልቪው መሥራች ፊሌሞን ቫንደንስቶክ ሥራውን የጀመረው በ1913 ነበር (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1927 የብራሰልሱ አንደርሌክት ውስጥ የገዛው ካፌ ስም፣ ቤልቪው፣ የቢራው መጠሪያ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ፊሌሞንን ወሰዱት፤ ከማጎሪያው ካምፕም አልተመለሰም። ልጁ ኮንስታንት፣ ያ የአንደርሌክት እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት የነበረው፣ ስታዲየሙም ለዓመታት በስሙ የተጠራው፣ ድርጅቱን ያሳደገው ጎረቤቶቹን እየገዛ ነው። ሼፕዳል መንደር ያለው፣ ከ1792 ጀምሮ የነበረው የደ ኔቨ ጠመቃ ቤት በ1975 በእጁ ገባ። ጎምዛዛውም ጌዝ ተጣርቶና ጣፍጦ በትናንሽ ጠርሙስ ይሸጥ ጀመር። ኮንስታንትን በዚህ አልወቅሰውም፤ ለስላሳ መጠጥና ፒልስ የተባለው ቢጫ ቢራ ገበያውን በወረሩበት ዘመን ጌዝን ካፌ ውስጥ ያቆየው እሱ ነው። ግን ጣፋጩን ብቻ የቀመሰ ወጣት የቀድሞውን አልወደደውም ሊባል አይገባም፤ መች አገኘውና!

በ1991 ደግሞ ገዢው ራሱ ተገዛ፤ ኢንተርብሩ የተባለው ትልቅ የቢራ ኩባንያ ቤልቪውን ጠቀለለው። በኋላ ጠመቃው ከሞለንቤክ ወጣ። ቦዩ ዳር ያለው ሕንጻ አሁን ሆቴል ሆኗል፤ ከፊሉም በ2016 ሙዚየም ሆኖ ተከፍቶ ነበር።

ካንቲዮን የተባለው የላምቢክ ጠመቃ ቤት ግን ከዚሁ ሰፈር ሳይርቅ፣ እዚያው አንደርሌክት፣ ከ1900 ጀምሮ አለ። በ1978 ቤቱን ለጎብኚ ከፈተ፣ ጌዙን ሳያጣፍጥ ቀጠለ፤ ዛሬ ጠርሙሱን የሚሹ ሰዎች ከሌላ አገር ድረስ ይመጣሉ። ምርጫ ተለወጠ ከተባለ ይህ እንዴት ሆነ?

ጉዳዩን መልሳችሁ ስታነሡት፣ እባካችሁ ማን ማንን መቼ እንደገዛ ጭምር ጻፉት።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከብራሰልስ