ባቱን ለመውጣት ከሳነቴ አትጀምሩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ ባሌ ተራሮች ያወጣችሁት ጽሑፍ አገሩን ላላየ ሰው ቤት መቀመጥን የሚያስጠላ ነው፤ እሰየው። ግን ጽሑፉን ተከትሎ ለገና ወይም ለጥምቀት የሚነሣ ሰው አይጠፋምና ሁለት ነገር መታረም አለበት። አንዱ፣ ጠዋት ከጎባ በመኪና ወጥቶ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ወርዶ፣ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅንና የባቱን ተራራ ጫፍ በእግር አዳርሶ ማታ ጎባ መግባት ይቻላል መባሉ ነው። ሌላው፣ አምባው ገላጣ ስለሆነ መንገድ ባይኖርም ቀጥ ብሎ መሄድ ነው መባሉ።

ከፍታውን እናስቀድም። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳነቴ 4,000 ሜትር። መኪና ይህን ዳገት በሰዓት ምናምን ይጨርሰዋል፣ ሰውነት ግን እስኪለምደው ቀናት ይፈልጋል። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ከ60 በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሰውን የሚያታልለው ሕመሙ ወዲያው አለመጀመሩ ነው፤ ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ይመጣል። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ (4,377 ሜትር) ድረስ በመኪና ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚመለስ ሰው ምንም አልሆንኩም የሚለው ለዚህ ነው። እዚያው ድንኳን የተከለው ጓደኛው ሲያቃስት ያድራል። የአዲስ አበባ ሰው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሚኖር ጥቂት ይሻለዋል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ግን ከባሕር ወለል ተነሥቶ በሦስተኛው ቀን ሳነቴ ላይ ሊያድር አይገባም፤ ጂም የለመደ ወጣት መሆኑም አያድነውም፤ እንዲያውም ፈጥኖ ስለሚራመድ ቀድሞ የሚወድቀው እሱ ነው።

የሚያዋጣው ከዲንሾ መነሣት ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ መግቢያው ይከፈላል፣ አስጎብኚና ባለ ፈረስ ይያዛል። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ሌሊት ዲንሾ (3,100 ገደማ)፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ዌብ ሸለቆና ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ቦታ (3,500 ገደማ)፣ አራተኛው ሐይቁ አካባቢ (3,950) ይሆናል፤ ባቱ በአምስተኛው ቀን። ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት መውሰድ የፈለገ ሐኪም ያማክር፤ የተለመደው መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት።

የታመመውን ሰው ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ እንዲሄድ አድርጉት። ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እንኳ የሚያለከልክና የሚያስል ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ቢያንስ 500 ሜትር፣ ቢቻል 1,000። ከሳነቴ ጥርጊያው ላይ መኪና ከተገኘ በአንድ በኩል ጎባ፣ በሌላ በኩል ሪራ ነው፤ ሁለቱም 1,000 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ይላሉ። እስኪነጋ እንጠብቅ የሚለው ምክር ነው ሰው የሚገድል።

አሁን ወደ መሬቱ። ሳነቴ ከመኪና መስኮት ሲታይ ሜዳ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን ሌላ ነው። ትልቁ ፍልፈል፣ በዓለም ላይ ባሌ ብቻ የሚገኘው፣ ሥሩን ሁሉ ቦርቡሮታል። ሣር የሌለበት፣ አፈሩ ጉብ ጉብ ያለበት ቦታ እስከ ጉልበት ያሰጥማል፤ ከባድ ሻንጣ የተሸከመ ሰው ቁርጭምጭሚት የሚወለምበት እዚህ ነው። ዙሩት፤ ካልተቻለ በምርኩዝ እየወጉ መሄድ ነው። የከብት ዱካም መንገድ አይምሰላችሁ። ከብቱ የሚሄደው ወደ ግጦሽና ወደ ውኃ እንጂ ወደ እናንተ ሐይቅ ስላልሆነ፣ ዱካው ጥሩ አድርጎ ወስዶ ገደል አፋፍ ላይ ይጥላችኋል።

ድንጋዩ ከሁሉ ይከብዳል። ባሌ ላይ የበረዶ ግግሩ በጣም ሰፍቶ የነበረው ከ40 እስከ 50 ሺህ ዓመት በፊት መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል፤ ውርጩ የሰነጠቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት ዛሬም አምባው ላይ ተበትኗል። በአምባው አንዳንድ ተዳፋት ላይ ድንጋዩ ሰው የደረደረው እስኪመስል ድረስ በረጅም ረድፍ ወርዷል፤ አንዳንዱ ረድፍ 1,000 ሜትር ይደርሳል፣ 15 ሜትር ይሰፋል። በረድፎቹ መካከል ያለውን የአፈር መስመር ይዞ መውጣት፣ መሻገር ግድ ሲሆን ብቻ በጠባቡ ቦታ መሻገር ይሻላል። ሲሻገሩ ክብደትን ከማሳረፍ በፊት ድንጋዩን በእግር መሞከር ነው። ትልቅ መሆኑ ዋስትና አይሆንም፤ ፍሪጅ የሚያህለውም ይወዛወዛል። ሽበት የመሰለው ሙጭጭላ የበቀለበት ድንጋይ ሲደርቅ ጫማ ይይዛል፣ ጠዋት ውርጭ ሲቀመጥበት ወይም ሲረጥብ ግን ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ድንጋያማውን ክፍል ፀሐይ ከነካው በኋላ እንድትደርሱበት ሰዓታችሁን አስተካክሉ። ጠጠራማ ዳገት ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተሰልፎ አይወጣም። ጎን ለጎን ተራርቆ፣ ወይም በጣም ተጠጋግቶ ነው፤ የላይኛው የሚያስነሣው ድንጋይ ፍጥነት ሳያገኝ እንዲያዝ። እንዲህ ባለ መሬት በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ ደህና ሄዳችኋል። ጽሑፉ በሰዓት 4 ብሎ ማስላቱ ነው የአንድ ቀኑን ጉዞ የሚቻል ያስመሰለው።

ጋርባ ጉራቻ ግግሩ ተራራውን ፈልፍሎ በተወው ጎድጓዳ ውስጥ ይገኛል፤ ርዝመቱ 500፣ ስፋቱ 300 ሜትር ያህል ነው። ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ የተጠራቀመ ደለል ስላለበት የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ወለሉን ቆፍረው አጥንተውታል። ከአፋፉ ሲያዩት አጭሩ መስመር በዐለቱ ግድግዳ በኩል ይመስላል። ከላይ ወደ ታች ሲታይ ግድግዳው መካከል ላይ ድንገት የሚቆረጠው ገደል አይታይምና አትሞክሩት፤ በትከሻው ዞሮ ሣር የያዘውን ተዳፋት ይዞ መውረድ ነው። ከሐይቁ በታች የቶጎና ሸለቆ ወደ ጎባ አቅጣጫ ይወርዳል።

ውኃው ጥርት ቢልም ከብት ስለሚጠጣው ሳይታከም አይጠጣ። እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ። ማጣሪያ የያዘ ሰው ሌሊት መኝታው ውስጥ ይዞት ይተኛ። ክሮቹ ውስጥ የቀረው እርጥበት ከረጋ ይሰነጥቃቸዋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም፣ ማጣሪያው ግን ከዚያ በኋላ አያጣራም። በደረቁ ወራት ሌሊቱ እስከ 15 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ብርድ ተራ ቡታ ጋዝ አይነድም፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ፕሮፔን የተቀላቀለበት ወይም የላምባ ምድጃ ይያዝ። ክክና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ በሶ፣ ሽሮና ቆሎ ተሸክሞ መውጣት ብልህነት ነው። አስታና የደረቀ ቁጥቋጦ እየቆረጡ ማንደድ ግን ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክል ነው፤ ያ ቅጠል በዚያ ብርድ ተመልሶ ለመብቀል ዓመታት ይወስድበታል።

ባቱ። ቱሉ ዲምቱ ይበልጠዋል፣ ግን መኪና መንገድና የቴሌ ምሰሶ ያለው ጫፍ ስለሆነ እግረኛን የሚያጓጓ አይደለም። ባቱ ሁለት ጫፍ ነው፤ ትንሹ ባቱ የሚባለው 4,307 ሜትር ሲሆን ትልቁ ከሚባለው ከፍ ይላል፤ ስሙን ብቻ አምኖ የተሳሳተውን ጫፍ የሚወጣ አይጠፋም። ከመነሣታችሁ በፊት የጫፉን ነጥብ ስልካችሁ ላይ ያለ ኢንተርኔት በሚሠራ ካርታ አስገቡት፤ ስልኩ በብርድ ባትሪው ስለሚሞት ከውስጥ ኪስ ይቀመጥ፤ ኮምፓስም ይኑራችሁ። ከሐረና ጫካ የሚነሣው ጉም ከቀትር በኋላ አምባውን ሲሸፍነው 20 ሜትር ፊት ለፊት አይታይም፣ በደቡብ በኩል ደግሞ አምባው ድንገት ገደል ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ጫፉ ተደረሰም አልተደረሰም ከቀኑ 7 ሰዓት መመለስ ይገባል። ጉም ከያዛችሁ ባላችሁበት ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ይገላለጣል።

ስለ ቀይ ቀበሮ ጽሑፉ ጥሩ ጽፏል፣ አንድ ነገር ብቻ ዘለለ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 የማይበልጡ ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው፤ የሚወልዱትም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ልክ ዝናቡ አብቅቶ እግረኛው በሚመጣበት ወቅት ነው። ከመንገድ የወጣ ሰው ሳያውቅ ዋሻቸው ደጃፍ ላይ ምሳ ሊበላ ይችላል፤ እናቲቱ ተረብሻ ግልገሎቿን በብርድ ስታዛውር ይሞቱባታል። አስጎብኚው ወዲህ በኩል አይታለፍም ሲል አትከራከሩት። ውሻ ይዞ መግባት ፈጽሞ አይታሰብ፤ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የመጣው ከውሻ ነው።

የአንድ ቀኑ መርሐ ግብር በድረ ገጻችሁ ላይ አሁንም እንደወጣ አለ። ቢነሣ፣ ካልሆነም በየሌሊቱ የሚታደርበት ከፍታ ተጽፎበት ቢስተካከል እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሮቤ