ወጥተን የት ልንገባ ነው? ለብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ጠቅላይ ሚኒስትር፣

ኢትዮጵያ ተወልጄ ለንደን የምኖር የብሪታኒያ ዜጋ ነኝ። በጁን 23 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው ሪፈረንደም (ሕዝበ ውሳኔ) እናቴም እኔም ድምፅ ሰጥተናል።

ከዚያ በፊት መንግሥት ከ9 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያወጣበት በራሪ ጽሑፍ በየቤቱ መጥቶ ነበር። እናቴ ቡና እያፈላች ተረጎምኩላት። መንግሥት እኛ የወሰንነውን እንደሚፈጽም የሚናገረው ቦታ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «እሺ ይሁን፤ ወጥተን የት ልንገባ ነው?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ወረቀቱ መቆየት ለምን እንደሚሻል ይዘረዝራል እንጂ ስንወጣ የት እንደምንደርስ አይናገርም። ድምፅ መስጫውም ላይ ያለው መቆየት ወይም መውጣት ብቻ ነው። እንደ ኖርዌይ ከኅብረቱ ውጭ ሆኖ በጋራ ገበያው መቀጠልም መውጣት ነው። ሁሉን በጥሶ መሄድም መውጣት ነው። 17.4 ሚሊዮን ሰው መውጣትን መረጠ። የትኛውን መውጣት ብሎ የጠየቀው ግን የለም።

ጣጣው ከዚያ መጣ። ሰሜን አየርላንድን ከአየርላንድ ሪፐብሊክ የሚለየውን ድንበር ያስታውሱ። እኛ ስንወጣ ሪፐብሊኩ በኅብረቱ ውስጥ ይቀራል። 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ያለ ፍተሻ ይመላለስበታል። በዘመቻው ሰሞን እኛ ሰፈር ስለ እሱ ያነሳ ሰው አልሰማሁም። በኋላ ድርድሩን አንቆ የያዘው እሱ ሆነ። በ2019 ፓርላማው የያኔዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ከኅብረቱ ጋር የተደራደሩበትን የመውጫ ስምምነት ሦስት ጊዜ ጣለው። የወጣነው በጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነው።

መውጣትን በመረጡት አልፈርድም። እኔ የመረጥኩት መቆየትን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን መውጣትን መርጦ፣ «ያገኘነው እኔ የፈለግኩትን አይደለም» ይለኛል። አምነዋለሁ። ሁለታችንም ተበድለናል።

መፍትሔው እዚሁ አገራችን ውስጥ አለ። በ1998 የሰሜን አየርላንድ ሕዝብ በሰላም ስምምነቱ ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ የስምምነቱ ሙሉ ቃል አስቀድሞ በየቤቱ ተልኮ ነበር። ሰው የሚወስንበትን ነገር በእጁ ይዞ ተከራከረ። 71 በመቶው ደገፈው።

አሁን ደግሞ «እንመለስ» የሚል ክርክር አለ። እኔም መመለሱን እፈልጋለሁ። ቢሆንም እንደዚያኛው በአንድ ቃል አይሁን። ሪፈረንደም ከመጥራትዎ በፊት ከኅብረቱ ጋር ተደራደሩ። ስለ መዋጮው፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ሰው ዝውውሩ የተስማማችሁትን ጽፋችሁ በየቤታችን ላኩልን። በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ለእናቴ እኔ አነብላታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የለንደን ነዋሪ