በአቦል የተሰማ ወሬ፣ በጣሳ የተደበቀ ኪኒን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን

ይድረስ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሂርማታ ነው። መምህር ነኝ። ሐኪምም ፋርማሲስትም አይደለሁም። የግፊት መድኃኒት የምትወስድ እናት አለችኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም እሷ ላይ የደረሰው ነገር ነው።

እናቴ 68 ዓመቷ ነው። ግፊት እንዳለባት ከታወቀ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ጠዋት ጠዋት ሁለት ኪኒን ትውጣለች። አንዱ አምሎዲፒን ነው። ሌላው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው፤ ስሙ ስለሚረዝምባት «የሽንቱ» ትለዋለች። ጸሎቷን ታደርሳለች፣ ኪኒኗን ትውጣለች፣ ከዚያ ቁርስ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህ ሲዛነፍ አይቼ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤታችን ለቡና ስትመጣ ስልኳ ላይ ያየችውን ይዛ መጣች። ከአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ የተቆረጠ አጭር ቪዲዮ ነው። ብዙ ሰው የሚወስደው የግፊት መድኃኒት ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋገጠ ይላል። የመድኃኒቱ ስም በትልቁ ተጽፏል። የእናቴ መድኃኒት ነው።

እኛ ጋ ቡና እንዴት እንደሚጠጣ ታውቃላችሁ። አቦል ላይ ወሬ የነበረው ቶና ላይ ምስክር ያገኛል። በረካ ላይ ሲደርስ ያለቀለት ነገር ነው። አንዷ አክስቷን አነሳች። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው ይበቃሻል አለች። እናቴ ዝም ብላ ሰማች። በማግስቱ ሁለቱንም ኪኒን አቆመች። የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም።

ለእኛም አልነገረችንም። እንዳንቆጣት ብላ በየጠዋቱ ሁለት ፍሬ እየፈለቀቀች፣ ከስኒ መደርደሪያው ጀርባ ባለ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ታጠራቅም ነበር። በኋላ ቆጠርኩት። 46 ፍሬ ነው። የ23 ቀን።

በ24ኛው ቀን ጠዋት ጀበናውን ማንሳት አቃታት። ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ስጠራት የመለሰችልኝ ቃል አልገባኝም። ባጃጅ አስቁሜ ሆስፒታል አደረስኳት። ግፊቷ 200 በ115 ነበር። ንግግሯ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ፤ እጇም ወደ ማታ ተመለሰ። ሐኪሟ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ተቋርጦ መመለሱን ነገረችን። ትልቁ ስትሮክ ከመምጣቱ በፊት የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው አለችን። ዛሬ እናቴ ደህና ናት፤ ቡናዋንም ራሷ ታፈላለች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከዚያ በኋላ ያንን ዜና ከሥሩ መፈለግ ጀመርኩ። በጣም ተናድጄ ነበር። ውሸትነቱን አጋልጣለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ውሸት ሆኖ አላገኘሁትም።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ፋርማሲስት አለ። ወንበር ሰጥቶኝ፣ ወረቀት አውጥቶ አንድ በአንድ አስረዳኝ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲጎዳ ያደርጋል። ለብዙ ዓመት የወሰዱት ሰዎች ላይ አንድ ዓይነት የቆዳ ካንሰር በመጠኑ ጨምሮ እንደታየ ከዴንማርክ የወጡ ጥናቶች አሳዩ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2018 ማስጠንቀቂያ አወጣ። የአሜሪካው ደግሞ በ2020 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አደረገ። እስከዚህ ድረስ ቪዲዮው ልክ ነው።

ቪዲዮው ያልተናገረው ግን ብዙ ነው። ካንሰሩ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛው ዓይነት አይደለም። ባብዛኛው እዚያው በታየበት ቦታ ታክሞ የሚድን ነው፤ የሚገድለው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ቁጥሩንም የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በግልጽ አስቀምጦታል። መድኃኒቱን ከሚወስዱ 16 ሺህ ያህል ሰዎች በዓመት አንድ ተጨማሪ ሰው ነው። እኔ መምህር ስለሆንኩ በክፍል አሰብኩት። አንድ ክፍል 60 ተማሪ ቢይዝ 16 ሺህ ሰው ማለት ከ260 በላይ ክፍል ነው። ያ ሁሉ ሰው ዓመቱን ሙሉ ኪኒኑን ውጦ አንድ ሰው ላይ ነው ጭማሪው የሚታየው። ቆዳቸው ነጭ በሆኑና ብዙ ዓመት በወሰዱት ላይ አደጋው ከፍ ይላል፤ ከ6,700 ሰው በዓመት አንድ። ፋርማሲስቱ ይህን ሲያስረዳኝ ጥናቶቹ በዋናነት የተሠሩት በነጮች ላይ መሆኑንም አልደበቀኝም።

በሌላ በኩል ያለውም ተጽፏል። የላይኛው የግፊት ቁጥር በ10 ሲወርድ የስትሮክ አደጋ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያውን ያወጣው ያው ተቆጣጣሪ «ሐኪማችሁ ካላዘዘ በቀር አታቁሙ፤ ቆዳችሁን ከፀሐይ ጠብቁ» የሚል ምክር አብሮ የሰጠው። እናቴ ጋ የደረሰው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ቪዲዮው ሲቆረጥ ቀርቷል።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ሚዲያ ስለ መድኃኒት አይናገር እያልኩ አይደለም። እንዲያውም መናገር አለበት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ቫልሳርታን የተባለው የግፊት መድኃኒት ውስጥ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. የሚባል ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ቆሻሻ ተገኘ። ጥሬ ዕቃው ቻይና ውስጥ ካለ አንድ ፋብሪካ የወጣ ነበር። ከ20 በላይ አገሮች መድኃኒቱን ከገበያ ሰበሰቡ። እውነተኛ ጥፋት ነበር፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ግን ያኔም የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ሒሳቡን አስልቶ ነገረ። 8,000 ሰዎች የተበከለውን መድኃኒት በከፍተኛው መጠን በየቀኑ ለአራት ዓመት ቢወስዱ፣ በዕድሜ ዘመናቸው አንድ ተጨማሪ የካንሰር ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል። ቀጥሎም ምትክ እስኪሰጣችሁ ድረስ በእጃችሁ ያለውን አታቋርጡ አለ። አንድ መግለጫ ማስጠንቀቂያውንና ማረጋጊያውን አብሮ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው።

ማረጋጊያው ሲቀር ምን እንደሚሆን ደግሞ እንግሊዞች አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1995 አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መከላከያ ኪኒኖች የደም መርጋትን አደጋ «እጥፍ» ያደርጋሉ ተባለ። ይህን ያለው ወሬኛ አይደለም፤ የመንግሥት የመድኃኒት ደህንነት ኮሚቴ ነው። እጥፍ የተባለው ከ7,000 ሴቶች አንዷ ላይ ይደርስ የነበረው ሁለት ላይ ደረሰ ለማለት ነው። ሴቶቹ ግን የሰሙት «እጥፍ» የሚለውን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ደንግጠው ኪኒናቸውን አቋረጡ። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ውርጃ በ13 ሺህ ያህል እንደጨመረ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ከኪኒኑ የበለጠ ደም ያረጋል። ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለእናንተ ሥራ ቅርብ ስለሆነ ነው። የቢሮ ደብዳቤ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ሕዝብ ጆሮ ስትደርስ ሌላ ነገር ልትሆን ትችላለች።

አሁን ደግሞ ለእኔ ከባዱን ልናገር። እናቴ ከሐኪሟ ይልቅ ስልኩን ለምን አመነች? ይህን ስጠይቃት የመለሰችልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «እነሱ መቼ ነግረውኝ ያውቃሉ?» ነው ያለችኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኢናላፕሪል የሚባል ሌላ የግፊት መድኃኒት ታዞላት ነበር። ደረቅ ሳል ያዛት። ሌሊት አያስተኛትም። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ማምጣቱ የታወቀ ነው፤ በሌላ መድኃኒት ሲቀየርም ይተዋል። በአንድ ጤና ተቋም ሳሉን ስትናገር ጉንፋን ነው ብለው መለሷት። ሁለቴ። አራት ወር ከሳለች በኋላ ሌላ ሐኪም በአንድ ደቂቃ ለይቶ ቀየረላት። ሳሉ ጠፋ፤ ቅሬታው ግን ውስጧ ቀረ። መድኃኒቱ ጉዳት እንዳለው ያውቃሉ፣ ለእኔ ግን አይነግሩኝም የሚል እምነት ያዘች። ያ ቪዲዮ ሲመጣ የተዘጋጀ ቦታ ነው ያገኘው።

ስለዚህ መድኃኒቱ ምንም አያደርግም ማለት ማረጋጋት አይደለም። ሰው የሚያምነው ጉዳቱንም ጥቅሙንም ሳይደብቅ የነገረውን ነው። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። የእናቴ ቀጠሮ በየሦስት ወሩ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታ ካርድ ትሰለፋለች። ሐኪሙ ጋ የምትቀመጠው አምስት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ከደጅ ከዳውሮና ከከፋ ድረስ የመጣ ሰው ተቀምጧል፤ ሐኪሙን አልወቅስም። ግን ፍርሃቱ በየማታው ቤታችን ይገባል። ምክሩ የሚመጣው በዓመት አራት ቀን፣ ለአምስት አምስት ደቂቃ ነው።

ይህች አገር ይህን ዓይነት ነገር ከዚህ በፊት ፈትታለች። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነፃ መሰጠት በተጀመረባቸው ዓመታት ጸበል የገቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ያቋርጡ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ሕሙማኑ የሚያምኑት አንደበት ነው የተናገረው። ጅማ ላይ እንዲህ ያለ አንደበት ብዙ ነው። ኢማሞች አሉ፣ ካህናት አሉ፣ የዕድር ዳኞች አሉ። በየቤቱ የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አለች። እናቴ የእሷን ቃል ከማንም በላይ ትሰማለች። ያን ሰሞን ግን የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ዜናውን ያየችው እንደኛው ስልኳ ላይ ነው።

የምለምናችሁም እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ መድኃኒት የሚያስፈራ ዜና ሲሰራጭ መልሳችሁ በዚያው ቀን ይውጣ። አጭር ይሁን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን። የትኛው መድኃኒት እንደሆነ፣ የትኛው ምርት እንደሆነ፣ ከስንት ሰው ስንት ላይ እንደሚደርስ ይናገር። ከሁሉም በላይ «ነገ ጠዋት ኪኒኔን ልዋጥ ወይስ ልተው?» ለሚለው መልስ ይኑረው። እናቴ የምትፈልገው ይህንን አንዱን ነው።

መልሱ መጀመሪያ የሚደርሰውም ለመድኃኒት ቤቶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሁን። እኛ ሮጠን የምንሄደው እነሱ ጋ ነው። ከዚያ በጅማ ማኅበረሰብ ሬዲዮና በመሰሎቹ ይነገር።

8482 የሚባል ነፃ የስልክ መስመር እንዳላችሁ የነገረኝ ያው ፋርማሲስት ነው። የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት የሚመዘገብበት ቢጫ ቅጽ እንዳለም ከእሱ ሰማሁ። የእናቴ ሳል እዚያ ቅጽ ላይ መስፈር ነበረበት። ቁጥሩ ኪኒን በሚሰጥባት ትንሽ ከረጢት ላይ ቢታተም ምን አለበት? ያቺን ከረጢት እናቴ በየቀኑ ትከፍታታለች። ጎረቤታችንም ታያታለች።

ከመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ጋርም ብትነጋገሩ ደስ ይለኛል። ጋዜጠኛ ስለ መድኃኒት ጉዳት ሲዘግብ ቁጥሩን ሙሉውን ይናገር፤ በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ የሚለውንም አይቁረጥ። ጋዜጠኛውን ለማፈን አይደለም። እሱም የሚደውልለትና ወዲያው የሚመልስለት ባለሙያ ያስፈልገዋል።

የእናቴ ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር ነው። በዚህ ጊዜ ባዶ እጇን አትሄድም። ከደብተር ላይ በቀደድኩት ወረቀት ሦስት ጥያቄዎቿን ጽፌላታለሁ። እሷ እየነገረችኝ ነው የጻፍኩት። አንደኛው፦ «የሽንቱን» ኪኒን ልቀጥል ወይስ ይቀየርልኝ? ሁለተኛው፦ ቆዳዬ ላይ ምን ሳይ ነው መምጣት ያለብኝ? እነዚህን ሐኪሟ ትመልስላታለች። ሦስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ብሰማ፣ ቀጠሮዬም ሩቅ ቢሆን፣ ማንን ልጠይቅ?» ይህን ሐኪሟ ብቻዋን ልትመልሰው አትችልም። ለእናንተ ልኬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንዲት ታካሚ ልጅ
ጅማ፣ ሂርማታ

ግልባጭ፦
ለጅማ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት