ሂሩትዬ፣ ሳላምንሽ ቀርቼ

ሂሩትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ሦስት ዓመት ሙሉ ጠፋሁ። አንቺም አኩራፊ ነሽ፣ ቀድመሽ እንደማትጽፊ አውቃለሁ። ግን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። የሥራውንና የቤቱን ወሬ ሌላ ቀን አወራሻለሁ።

አሞኛል። ከአምና ጥር ጀምሮ። ጉንፋን መስሎኝ ተኛሁ። ጉንፋኑ ሄደ፣ ድካሙ ቀረ። አሁን ገላዬን የምታጠበው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከዚያ ፎጣውን እንዳገለደምኩ አልጋው ላይ እወድቃለሁ። ካልሲዬን እያየሁት ማንሳት ያቅተኛል። ደህና ነኝ ብዬ ገበያ ከወጣሁ ደግሞ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ይጥለኛል። እዚህ ለንደን ስሙን ነገሩኝ፤ ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም፣ ሥር የሰደደ ድካም እንደማለት ነው። ኤምኢም ይሉታል።

ምልክቶቹን ሲዘረዝሩልኝ አንቺ ፊቴ ድቅን አልሽ።

ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ያንቺም ይኸው ይመስለኛል። ያንቺው ሐኪም «ጭንቀት ነው፤ አግቢ፣ ውለጂ፣ ይተውሻል» ብሎ ሸኘሽ። እኔ ደግሞ «እግርሽን አፍታቺ» ብዬ እንጦጦ አወጣሁሽ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ጠፋሽ። አኮረፈች ብዬ ነበር፣ ታውቂያለሽ? እኔ ስታመም ግን ሐኪሙ ደሜን መረመረ፣ ታይሮይዴን አየ፣ ልቤን አየ። «በትንሽ ነገር ደከመኝ የምትል ሰው አትመስልም» አለኝ። አፈርኩ። አንቺስ ትመስዪ ነበር?

እንቅልፍ ሲያጣኝ አነባለሁ። በፈረንጆቹ 1955 እዚሁ ለንደን፣ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ውስጥ፣ ወደ 300 የሚጠጉ ሠራተኞች ባንድ ሰሞን ይህን የኛን በመሰለ ሕመም ታመሙ። ብዙዎቹ ነርሶች ነበሩ። በ1970 ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የሕክምና መዝገቡን አገላብጠው «ሂስቴሪያ ነው» ብለው ጻፉ፤ ከአእምሮ የመጣ እንጂ የአካል ሕመም አይደለም ማለታቸው ነው። አንዱ ማስረጃቸው ምን መሰለሽ? ከታመሙት ሴቶቹ መብዛታቸው! ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። እኔም እኮ ሴት ስለሆንሽ ነው ያላመንኩሽ።

በ2023 የወጣ ዲኮድኤምኢ የሚባል የእንግሊዝ ጥናት ከ17 ሺህ በላይ ሕሙማንን ጠይቆ ነበር። ከመቶው 83ቱ ሴቶች ናቸው። በሽታው ሴቶቹ ላይ ይበረታል፤ ከ10 ዓመት በላይ የቆየባቸው ላይ ደግሞ ይብሳል። አንቺን ከያዘሽ ስንት ዓመት ሆነሽ? መቁጠር ፈራሁ።

የወንዱም የራሱ ጣጣ አለው። ለእማዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ወንድሜ «ጂም ግባ» ይለኛል። ወንድ ልጅ ተኝቶ ከዋለ ሰነፍ ነው፣ አለቀ። ብቻ... እንዴት ልበልሽ፣ እኔ ስተኛ የሚጠብቀኝ ምጣድ የለም። አንቺን ግን ማን አስተኛሽ?

አደራ፣ «ስፖርት ሥሪ» የሚልሽን አትስሚ። በ2021 የወጣው የዚህ አገር የሕክምና መመሪያ፣ በየጊዜው እየተጨመረ የሚሠራ ስፖርት ለዚህ በሽታ እንደ ሕክምና እንዳይሰጥ ይላል። ትንሽ ሠርቶ፣ ሳይደክሙ በፊት ማረፍ ነው። እኔም ገና እየተማርኩት ነው።

መጻፍ ካደከመሽ ተኝተሽ በድምፅ ላኪልኝ። አጭር ትሁን።

አንድ ነገር ግን ንገሪኝ። የእህቴ ምርቃት ቀን ግድግዳውን ተደግፈሽ፣ ጀበናውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ነበር የምትቀጂው። እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ሳቅኩብሽ። እኛ ከወጣን በኋላ ያን ሁሉ ሲኒ ማን አጠበው?

ወንድምሽ