ሳጥኑን አትሽጪው

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ፤ ደሴ

እታለም፣ ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሁበት ከዋሽንግተን ተነሥቶ ጦሳ ሥር ካለው ቤታችን ይድረስልኝ። እንደምን ከርመሻል? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? ልጆቹ ትምህርት ጀመሩ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራም ጤናም አለኝ።

ባለፈው ሳምንት በስልክ ያነሣሽው ነገር ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ የአባባን የሙዚቃ ሸክላዎች ከነሳጥናቸው ልግዛችሁ እንዳለሽ፣ የጠራውም ገንዘብ የቤቱን ቆርቆሮ በሙሉ እንደሚያስቀይር ነግረሽኛል። «አስቤበት እጽፍልሻለሁ» ያልኩሽ ለመሸሽ አልነበረም። አስቤበታለሁ። ሳጥኑን አትሽጪው። የቆርቆሮውን ገንዘብ እኔ በሁለት ጊዜ እልካለሁ፤ የመጀመሪያው በዚህ ወር መጨረሻ ይደርስሻል። ምክንያቴን ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁና ቡና ስታፈሉ ለእማዬም አንብቢላት።

አባባ በአሰብ መስመር ከባድ መኪና መንዳት የጀመሩት ሳያገቡ ነው። ሸክላዎቹን አብዛኛውን የገዙት በዚያን ጊዜ ነው። የመንገድ አበላቸውን ቆጥበው፣ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴ ከአስመራ፣ በጋቢናው ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያመጧቸው ነበር። ስንወለድ ሳጥኑ ቤት ውስጥ ነበረ። አንቺ ስትደርሺ ማጫወቻው ተበላሽቶ ስለነበር ሸክላዎቹን የምታውቂያቸው በሽፋናቸው ብቻ ነው። እኔ ግን ሰምቻቸዋለሁ። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የሚጫወተውን ሽለላ መጀመሪያ ስሰማ ከግድግዳው ጀርባ የሚፎክር ሰው ያለ መስሎኝ ወጥቼ አይቻለሁ። አባባ ጠርተው አስቀመጡኝና «ሰው አይደለም፤ ናስ ነው» አሉኝ። ናስ እንዴት ይፎክራል? ይህ ጥያቄ እስከዛሬ አልለቀቀኝም።

እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ጃዝ ያፈቀርኩት ለዚያ ጥያቄ መልስ ስፈልግ ነው። የጃዝ ወዳጆች የጌታቸውን ሳክስፎን ሲሰሙ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚህ ከነበሩት ደፋር ተጫዋቾች ጋር ያነጻጽሩታል። እሱ ግን ከእነርሱ አልተማረውም፤ ከማዘጋጃ ቤት ባንድ የጀመረ ሰው ነው፣ ሽለላውንም ያመጣው ከአገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ያወጣው ትልቁ ሸክላ አባባ ሳጥን ውስጥ አለ፤ ከታች ሦስተኛው ይመስለኛል። እሱ በስተርጅና ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ባንድ ጋር በአውሮፓ መድረክ ላይ ሲጫወት፣ አባባ ደሴ ሆነው ይህን አላወቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያርፍ ያዘንኩት እንደ ዘመድ ነው።

አሁን ስለ መድረኩ ልንገርሽ። እዚህ ከተማ ጆርጅታውን በሚባለው ሰፈር ብሉስ አሊ የሚባል የጃዝ ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ በጠባብ ቅያስ ውስጥ የተደበቀ። የመጀመሪያ ቀን ስገባ የመግቢያው ዋጋ ከብዶኝ ነበር፤ ስወጣ ግን ዋጋውን ረስቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ሲተርፈኝ በአውቶቡስ ኒው ዮርክ እሄዳለሁ። እዚያ ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባል ምድር ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ያለ ነው። ቀጥ ያለ ደረጃ ወርደሽ ወደ መድረኩ እየጠበበ የሚሄድ ክፍል ትገቢያለሽ። ከ123 ሰው በላይ አይይዝም። የእኛ ሠርግ ድንኳን ከዚህ ሦስት እጥፍ ይይዛል። በዚያች ጠባብ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በየሰኞ ማታው አሥራ ስድስት ሰው ያለበት ኦርኬስትራ ይጫወታል። ሰኞ መሆኑ ልቤን ነካው። የባቲ ገበያ የሚቆመውም ሰኞ ነው። ግመሉ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጨው የጫነው፣ ቅቤ የያዘችው፣ ሁሉም ገበያው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲነጋገር የሚሰማው ያ ሁካታ፣ እዚያ አሥራ ስድስት ሰዎች ነፍስ ዘርተውበት ሰማሁት።

ክፍሉ ሲጫወቱ ዝም ይላል። መጀመሪያ ይህ ጸጥታ ቀዝቃዛ መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ አድማጭ ዝም አይልም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ጥቂት ሌሊት ካመሸሁ በኋላ ገባኝ። እዚህ «ተቀበል» የሚባባሉት መሣሪያዎቹ ናቸው። ፒያኖው አንድ ነገር ይጀምራል፣ ቤዙ ያነሣዋል፣ ድራሙ ይቃወመዋል፣ ሳክስፎኑ ሁሉንም ይዞ ወደ ማያውቁት አገር ይወስዳቸዋል። ትናንት የተጫወቱትን ዛሬ አይደግሙትም። ልጆች ሳለን ጎህ ሳይቀድ በራችን ላይ የሚያዜሙትን ላሊበሎች ታስታውሻለሽ? ወንዱ ሲጀምር ሴቲቱ የምትከተለው፣ የአባባንና የእማዬን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማው መሃል የሚያስገቡት? እማዬ ስሟ ሲጠራ በርኖሷን ደርባ እየሮጠች ትወጣ ነበር። የዚያን ቀን ዜማ ለሌላ ቤት አይሆንም። በሕይወቴ የሰማሁት የመጀመሪያው ጃዝ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዜማችንም ሩቅ አይደለም። ባቲ በሚባለው ቅኝት ውስጥ ያሉት አምስት ድምፆች፣ አንዱ ዓይነቱ ማለቴ ነው፣ ጥቁሮቹ አሜሪካውያን ብሉስ የሚጫወቱባቸው አምስት ድምፆች ናቸው። ሸክላ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት ሙላቱ አስታጥቄን በፍቅር የሚሰማ ሽማግሌ ነው። ባቲንና አምባሰልን የሚያውቃቸው በቅኝትነት ነው። ባቲ ከተማ መሆኗን፣ አምባሰልም ከሐይቅ ወዲያ የሚታይ ተራራ መሆኑን ስነግረው ወረቀት አውጥቶ ካርታ እንድሥልለት ለመነኝ። ሣልኩለት። ወረቀቱን ከመደርደሪያው በላይ ለጥፎታል።

አንድ የሚያመኝን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ታላቁ የጃዝ ኦርኬስትራ መሪ ዱክ ኤሊንግተን የተወለደው በዚህ ከተማ ነው፤ ያደገበት ዩ ስትሪት ዛሬ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች የሞሉበት ነው። ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ፣ በእኛ በ1966 ዓ.ም. ነው። ሙላቱ አብሮት ነበረ፤ ንጉሡም ኤሊንግተንን ሸለሙት። የሽልማቱን ፎቶግራፍ እዚህ መጽሐፍ ላይ ሳየው መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ዓመቱን አሰላሁት። ያ ዓመት ወሎ የረገፈበት ዓመት ነው። አባባ ከባድ መኪናቸውን ይዘው በመንገዱ ዳር የወደቀውን ሰው እያዩ ያለፉበት፣ በሕይወታቸው ሙሉ አፋቸውን ሞልተው ያልነገሩን ዓመት። ኤሊንግተን ምን ያውቃል? እሱን አልወቅስም። ግን ሸክላውን ለብዙ ሳምንት ማጫወት አልቻልኩም።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ነጋዴው የሚያውቀውን አንቺም ማወቅ አለብሽ። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው። በ1975 አገር ለቆ ሲወጣ ሥራው ቆመ። ስድስት ዓመት ብቻ! ስለዚህ በዚያን ጊዜ የታተመው ትንሹ ሸክላ እዚህ ለአንዱ ብቻ ከመቶ ዶላር በላይ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ገዢው ብዙ ጊዜ ሸክላውን አያጫውተውም። በፕላስቲክ አሽጎ ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቃል። ይህን ዓይነት ሰብሳቢ አልወደውም፤ መርፌ ያልነካው ሸክላ ያልተበላ እንጀራ ነው።

ደግሞም አባባ በእያንዳንዱ ሽፋን ጥግ ላይ በሰማያዊ ቀለም የጻፉትን ልብ በዪ፦ የገዙበት ከተማ፣ ቀን፣ የጫኑት ጭነት። በሰብሳቢዎች ዘንድ ሽፋን ላይ የተጻፈ ነገር ጉድለት ነው፤ ዋጋ ይቀንሳል። ነጋዴውም በዚህ ምክንያት ዋጋ እንደቀነሰ ነግረሽኛል። ለእኔ ግን የአባባ የጉዞ ታሪክ በሙሉ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ሌላ ቦታ አልጻፉትም። በጦርነቱ ጊዜ እህል ከላዩ ከምረሽ ያተረፍሽው ሳጥን ይህ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን፣ እታለም፣ ሸክላዎቹ ሥር ያለውን ካሴት ፈልጊ። የአክስታችን ሠርግ ባቲ ላይ ሲሆን አባባ በቴፓቸው የቀረጹት ነው፤ ሽፋኑ የለውም። ማሲንቆ ተጫዋቹ አምባሰልን ሲጀምር ሰው ይጮሃል፣ ብርጭቆ ይወድቃል፣ አንዱ «ቡናው ደረሰ» ይላል፣ ከዚያም የእማዬ ሳቅ። ልጅ ሳለሁ ይህን ጫጫታ እጠላው ነበር። ዛሬ ያን ጫጫታ ለማግኘት ምን አልከፍልም! ቢል ኢቫንስ የሚባል ፒያኖ ተጫዋች እ.ኤ.አ. ሰኔ 25 ቀን 1961 በዚያው በቫንጋርድ ያስቀረጸው ሸክላ አለኝ። እሑድ ነበር። በሙዚቃው መሃል ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሰው ሲያወራ ይሰማል። ቤዝ የሚጫወተው ስኮት ላፋሮ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ በአሥራ አንደኛው ቀን በመኪና አደጋ ሞተ። ያወሩ የነበሩት ሰዎች ምን እየሰሙ እንደነበረ አላወቁም። እኛም የአክስታችን ሠርግ ላይ አላወቅንም።

ካሴት ተራ ነገር አይምሰልሽ። ኃይሉ መርጊያ ከዋሊያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 እዚህ መጥቶ ቀረና፣ ለረጅም ዓመታት እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በዱለስ አየር ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ መንገደኛ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ1985 ያወጣውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። እዚሁ ከተማ ሲጫወት ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። እጆቹን እያየሁ አንድ ካሴት አንድን ሰው ከመሪ ላይ አንሥቶ እንደገና ከመድረክ እንዳደረሰው አሰብኩ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ካሴቱን በአሮጌው ቴፕ አታጫውቺው፤ ክሩን ይበላዋል። ከላይ በኩል ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሪ፣ ማንም በስህተት ከላዩ እንዳይቀርጽበት። ከሚመጣ ሰው ጋር ላኪልኝ፤ እዚህ ገልብጬ መልሼ እልክልሻለሁ። ሸክላዎቹን ደግሞ ቀጥ አድርገሽ አቁሚያቸው፣ ተደራርበው አይተኙ፤ ይጣመማሉ። የደሴ ብርድ አይጎዳቸውም፣ ጉሙ ግን ሽፋናቸውን ያሻግታል፤ ከግድግዳው አርቀሽ ከእንጨት በላይ አድርጊያቸው። ኮምቦልቻ ዘመድ ቤት እንዳታስቀምጪ፣ ሙቀቱ አይሆናቸውም።

ያ የሠርጉ ማሲንቆ ተጫዋች ዛሬም በሕይወት አለ፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ አይጠፋም ብለሽኝ ነበር። እማዬን ይዘሽ ሂጂ። ወጪውን እኔ ልኬያለሁ፤ ለእሱም እንደ ባለሙያ ክፈይው፣ ሳንቲም እንዳትጥዪለት። ከቻለ አምባሰልን ይጀምርልሽ፣ ከዚያ የፈለገውን ይጫወት፤ አታቋርጪው። ስልክሽን ከማሲንቆው ሁለት እርምጃ ያህል አርቀሽ፣ በነጠላሽ ላይ አስቀምጪው። ገበያው ይጩኽ፣ ግመሉም ያግሳ። እማዬ መሃል ላይ ብትስቅ ወይም ብታወራ ዝም በዪ እንዳትያት።

የሚናፍቅሽ ወንድምሽ