ድንኳኑ የለቅሶ አልነበረም፦ የባህልና ኪነ ጥበብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

አንድ ባልደረባዬ መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ ክበባችንን «የጭፈራ ክበብ» ይለዋል። ለምጄዋለሁ። ደግሞ ውሸት ነው ብዬ አልከራከርም። እስከ አምና ድረስ ሥራችን እሱው ነበር። ኅዳር 29 ሲቃረብ እንታወሳለን። «እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ልጆቹን አዘጋጅ» ይባላል። ለሁለት ቀን የባህል ልብስ እንከራያለን። ማን የየትኛውን ብሔረሰብ ልብስ እንደሚለብስ የሚወስነው ልኩ ነው። ልጆቹ ስምንት ደቂቃ ይጨፍራሉ፣ ይጨበጨባል፣ ልብሱ ይመለሳል። ከዚያ እስከ ቀጣዩ ኅዳር የሚጠይቀን የለም።

ዘንድሮ ልብስ አልተከራየንም። በራሳችን ውሳኔ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ብሩ አልተፈቀደልንም። እኔም ተናድጄ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተር ሰጠሁና «ከቤታችሁ ጀምሩ» አልኩ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፍኩ፦ እናንተ ቤት ቡና እንዴት ይጠጣል? ጅማ ላይ ይህን መጠየቅ እሳት መጫር ነው። አንዱ «በጨው» አለ። ሌላው «ለበሬ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። አንዷ እናቷ ጤናዳም የሌለበትን ቡና ቡና ብላ እንደማትጠራው ነገረችን። አንድ ልጅ ስለ ቡና ቀላ አወራ። ፍሬው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ እንዴት እንደሚቀርብ፣ እነሱ ቤት አያቱ ሳይመርቁ ማንም እጁን እንደማይሰድ። ቤተሰቦቹ ከካፋ የመጡ ልጅ ደግሞ ፍሬውን ትቶ ስለ ቅጠሉ ተናገረ። ይቀቀላል፣ ቅመም ይገባበታል፣ ይጠጣል። ግማሹ ክፍል አላመነውም። በሚቀጥለው ሳምንት በፔርሙዝ ይዞ መጣ።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ጥግ ላይ ዝም ብላለች። ተራዋ ሲደርስ «እኛ ቤት ባህል የለም፣ ቲቸር» አለችኝ። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ አልጽፍም። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ጅማ ላይ «ባህል የለንም» የሚል ልጅ ሲገጥመኝ የድሮው የጅማ ገበያ፣ ሂርማታ፣ ትዝ ይለኛል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል። ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ስላስጠበቁ አገሩ ከጦርነት ተረፈ፣ ገበያውም ደራ። ለሂርማታ ገበያ ሲራራ ነጋዴ ከሰሜንም ከምሥራቅም ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቡና ለቀማው ከዳውሮ፣ ከካፋ፣ ከየም ሰው አመጣ። ጉራጌው ሱቅ ከፈተ። የኛ ተማሪዎች የነዚህ ሁሉ የልጅ ልጆች ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ የአገሩን ግማሽ የዞርኩ ይመስለኛል። ይህን ለማሳየት የኪራይ ልብስ ምን ያደርጋል?

ስብሰባዎቻችንን አልዘረዝርም። ረቡዕ ረቡዕ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ቃለ ጉባኤው አለ፣ የፈለገ ይመልከት። ሦስቱ በሞዴል ፈተና፣ ሁለቱ በዝናብ ተሰርዘዋል። የ12ኛ ክፍሎቹ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሲገባ ለብሔራዊ ፈተና ጥናት ተሰወሩ። አልፈርድባቸውም። ከበሮ መቺያችን ግን ከነሱ ጋር ሄደ።

የካቲት ላይ ጅሬን ወጣን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። የተፈቀደልን መኪና ጠዋት ላይ ቀረ። ለምን እንደቀረ እስካሁን አልተነገረኝም። ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መጨረሻው ዳገት ነው፤ በእግራችን ነካነው። ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠው የሰገነቱን የእንጨት ሥራ ሲስሉ አንዱ ምንም አይስልም። ምሰሶውን በጣቱ ይዳብሳል። «ምን ትፈልጋለህ?» ስለው «የመሮውን ዱካ» አለኝ። አባቱ በርጩማ ፈልፋይ ናቸው። ያ የጅማ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የሚወጣው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ራሱ የፈለፈለውን በርጩማ ለክበቡ አመጣ። አንዱ እግር ትንሽ ያጥራል። ይህን በርጩማ ያዙልኝ።

ለሥዕል ሸራ የለንም። የቡና ጆንያ ግን ጅማን ሞልቷል። የሥዕል መምህራችን ዘዴ ፈጠሩ፤ ጆንያውን በስንዴ ዱቄት ሙጫ አደረቁት፣ ላዩን በኖራ ቀቡት። ቀለሙ ለግድግዳ ከተገዛው የተረፈ ነው፣ ስለዚህ ሥዕሎቻችን በሙሉ ወደ ቢጫ ያደላሉ። የዳውሮን ዲንካ የሳለችው ልጅ አንድ ጆንያ አልበቃትም። ዲንካ እንደምታውቁት ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚረዝም የትንፋሽ መሣሪያ ነው፣ የሚነፋውም በቡድን ነው። ሁለት ጆንያ ሰፍታ አስረዘመችው። ከአሥራ አንዱ ሥዕሎች ሁለቱን ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ በላብን። ሙጫው ዱቄት መሆኑን ማን አሰበው?

ጽሑፎቹን በእጅ ገልብጠን በጆንያ መስፊያ መርፌ ጠረዝናቸው። አማርኛም አፋን ኦሮሞም አለበት፣ በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፈ ስንኝም አለበት። ያለን ቅጂ አንድ ብቻ ነው። «ቀለም አልቋል» የሚለው ወረቀት ኮፒ ማሽኑ ላይ ከተለጠፈ ከጥር ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ግንቦት 10 ልምጣ። ለዝግጅቱ እሑድን መረጥን። ቦታው ግቢያችን ሳይሆን አዌቱ ወንዝ አጠገብ ያለ የሰፈር ሜዳ ነው። ግቢ ከሆነ ወላጅ ራሱ በግድ ነው የሚመጣው፣ አያቶችማ ጭራሽ አይመጡም። የጅማን ግንቦት ታውቁታላችሁ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። የሰፈሩ እድር ዳኛ ደመናውን ቀና ብለው አዩና ልጆቹን አዩ፣ ከዚያ የእድሩን ድንኳን ከነአግዳሚው አስወጡልን። ገና ተክለን ሳንጨርስ ዝናቡ ወረደ።

አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። «እግዜር ያጥናችሁ» አሉና ኋላ ተቀመጡ። ጥቂት ቆዩና አጠገባቸው ያለውን ልጅ በሹክሹክታ «ሟቹ ማን ነው?» አሉት። ልጁ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው አልወጡም። ዝናብም ነበር።

ያቺ «ባህል የለንም» ያለችው ልጅ አራተኛ ተራ ነበረች። አያቷ በየዓመቱ ጥቅምት አጋማሽ ላይ «ዘመድ ልጠይቅ» ብለው ወደ የም ይሄዳሉ። ልጅቷም እውነት ዘመድ ጥየቃ ይመስላት ነበር። ዘንድሮ ደብተሯን ይዛ ጠየቀቻቸው። ለካ የሚሄዱት ለሳሞ ኤታ ኖሯል። በየም ጥቅምት 17 የባህል መድኃኒት የሚለቀምበት ቀን ነው። ሰው ተራራ ይወጣል፣ የዓመቱን መድኃኒት ለቅሞ ይመለሳል። በዚያን ቀን የተለቀመው ፈዋሽነቱ እንደሚበልጥ ይታመናል። ልጅቷ ይህን ሁለት ገጽ አድርጋ ጻፈችው።

ማይኩን ይዛ ቆመች። «አያቴ» እንዳለች መብራት ሄደ። እንደገና ጀመረች፣ ያለ ማይክ። «አያቴ ጥቅምት 17 ቀን ቅጠል ትለቅማለች...»

«ቅጠል ብቻ ማን አለሽ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «ሥሩስ? ልጣጩስ?»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ወረቀቷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ታለቅሳለች ብዬ ተነሳሁ። አያትየው ግን ቀደሙኝ። በአግዳሚዎቹ መሃል እየተደገፉ ወደ ፊት መጡ። ልጆቹ ያንን አንድ እግሩ የሚያጥር በርጩማ አቀረቡላቸው። ነቅነቅ አድርገው ሞከሩት፣ «ማነው የሠራው?» አሉና ተቀመጡበት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ውስጡ የአውራ ጣት የሚያህል የደረቀ ሥር ነበር። ፊት ለተቀመጠችው ሴትዮ ሰጧትና «አሽትቱ፣ እንዳትበሉ» አሉ።

ሥሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ዝናቡ ድንኳኑን ይደበድባል፣ ሰው ሁሉ ያሸታል። አያትየው ማውራት ጀመሩ። በአማርኛ ጀምረው ሳይታወቃቸው ይመስለኛል ወደ ራሳቸው ቋንቋ ገቡ። ድንኳኑ ዝም አለ። ያን ጊዜ ልጅቷ ወረቀቷን አጥፋ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና ማስተርጎም ጀመረች። ቋንቋውን እንደምትሰማ አላውቅም ነበር። ጓደኞቿም አያውቁም ነበር። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ ሁለቱንም ጊዜ አያቷ በአማርኛ አረሟት።

ባለ ጃንጥላው ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ለጉልበት የሚሆን አለ?»

«የጉልበቱ አልቋል። ጥቅምት ካለፈ በኋላ ይምጡ» አሉ አያትየው።

እኔ ፊቴን አዙሬ ስፒከር የምጠግን መሰልኩ። መብራት በሌለበት ምኑ ይጠገናል?

ሁሉም ሰው ደስ ብሎት አልሄደም። የወላይታና የሲዳማ ቤተሰብ ያላቸው ልጆች «የኛስ?» ብለው ቅር ተሰኝተዋል። ልክ ናቸው፣ ሰዓት አልበቃንም። ድንኳኑን በጭቃ ስላበላሸነው ማግስቱን ስናጥብ ዋልን።

አሁን ወደ ልመናው። ከበሯችን ቆዳው ተሰንጥቋል። በባትሪ የሚሠራ አንድ ስፒከር፣ ቢጫ ያልሆነ ቀለምና ለአንድ ቀን መኪና እንፈልጋለን። ክበቡ ውድ ነው ለምትሉኝ፣ አምና ለሁለት ቀን የልብስ ኪራይ የወጣው ብር ከበሮውን ገዝቶ ይተርፍ ነበር። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው። ወላጅ መምህር ኅብረት ሲሰበሰብ ይዤው እመጣለሁ። አዲስ አበባም ውጭም ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ይህ መጽሔት እጃችሁ ከገባ ቢያንስ መጽሐፋችንን ኮፒ አስደርጉልን። አይጥ ሳይቀድማችሁ።

አያትየው ሥሩን መልሰው አልወሰዱትም። «ለልጆቹ ይሁን» አሉ። ሰኔ ላይ ንብረት ስናስረክብ የክበቡ ጸሐፊ «ቲቸር፣ ይሄንንስ ልጻፈው?» አለችኝ። ጻፊው አልኩ። መዝገቡ ላይ «ከበሮ 1 (የተሰነጠቀ)፣ በርጩማ 1፣ የጆንያ ሥዕል 9፣ የእጅ ጽሑፍ መጽሐፍ 1፣ ሥር 1» ይላል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሥሩን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ፈረሙ።