ደብዳቤ ለልጄ፦ ሥራህን ለማንም አትስጥ

ልጄ፣

ሰላምህ ይብዛ። ትናንት ማታ እህትህ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ሮሜትህ፣ ክፍል የምትጋራው ልጅ፣ የኬሚስትሪ ላብ (የላቦራቶሪ) ሪፖርትህን ጠይቆህ «እንዲያየው ብቻ» ልትልክለት ነው አለችኝ። እሷ እንደ ዋዛ ነው ያወራችው፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ካልላክኸው አትላክ። ልከኸው ከሆነ ይህን ደብዳቤ አንብበህ ሳትጨርስ ደውልልኝ።

ሥራህን ለማንም አትስጥ፤ የማንንም አትውሰድ።

እኛ ቤት ያደገ ልጅ ለጓደኛው እምቢ ማለት እንደሚከብደው አውቃለሁ። ያለህን ተካፈል እያልን ነው ያሳደግንህ፤ አሁንም ተካፈል። ምግብህን ስጠው፣ ጃኬትህን አውሰው፣ ሲታመም ኮሌጃችሁ አጠገብ ያለችው ከተማ፣ ፋርምቪል፣ ሐኪም ቤት ድረስ አብረኸው ሂድ። ጽፈህ የምታስረክበውን ግን አትስጥ። ሀምፕደን ሲድኒ ኮሌጅ ስትገባ የፈረምህበት ኦነር ኮድ፣ ማለት የክብር ደንቡ፣ አጭር ነው፦ የዚህ ኮሌጅ ተማሪ አይዋሽም፣ አያጭበረብርም፣ አይሰርቅም፣ ይህን የሚያደርጉትንም አይታገሥም። ፈተናና ጽሑፍ ስታስረክብ ደግሞ እርዳታ አልሰጠሁም፣ አልተቀበልሁም፣ ጥፋት ካየሁም ሳልውል ሳላድር አሳውቃለሁ ብለህ በክብርህ ትምላለህ። ሰጪውም ተቀባዩም እኩል ይጠየቃሉ። የሚዳኙህም እንዳንተው ተማሪዎች ናቸው፤ ቅጣቱ ከኮሌጁ እስከ መባረር ይደርሳል።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚበላሽ ልንገርህ። አንተ እሁድ ማታ ትልክለታለህ። እሱም የእውነት ሊያየው ብቻ ነው ያሰበው። ማስረከቢያው ጠዋት ሆኖ እንቅልፍ ሲያዳፋው ግን የውይይቱን ክፍል ቃላቱን እየቀያየረ ይወስደዋል። ቃል መቀየር አይሸሽገውም፤ የሐሳቡ ቅደም ተከተል፣ ያሳሳትኸው ስሌት፣ የዘለልኸው አሃድ እሱም ጋ በዚያው ቦታ ይገኛል። እዚያ ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ መምህሩ ሁለታችሁንም ባንድ ምሽት ጎን ለጎን ነው የሚያርማችሁ። ጎግል ዶክ ላይ ደግሞ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ታሪኩ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ላብ ውስጥ አብራችሁ የለካችሁት ቁጥር የጋራ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ፣ ግራፉና ትንታኔው አብዛኛውን ጊዜ የየራሳችሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያልሁት መምህራን ስለሚለያዩ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፕሮፌሰር በኢሜይል «በዚህ ሥራ ላይ አብረን መሥራት የምንችለው እስከ የት ነው?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱንም አትሰርዝ። ቻትጂፒቲን፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን፣ ሰዋስው የሚያርሙ ፕሮግራሞችንም ለየብቻ ጠይቅ። ዝም ከተባለ የተፈቀደ አይምሰልህ። ሮሜትህን መርዳት ከፈለግህ ላፕቶፕህን ዝጋና ጽንሰ ሐሳቡን ሰሌዳ ላይ አስረዳው፤ ወይም መምህሩ ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት፣ በኦፊስ አወር፣ አብረኸው ሂድ። ጽሑፍ ለማሻሻል የጽሑፍ ማዕከል አለላችሁ።

አስቀድመህ ልከኸው ከሆነ መልእክቱን አትሰርዝ። ከልጁ ጋርም «እንዲህ እንበል» ብላችሁ አትነጋገሩ፤ መጀመሪያ ያበደርኸው ወረቀት ነበር፣ ያን ጊዜ ግን ውሸት ይጨመርበታል፤ ውሸት ደግሞ በዚያ ሕግ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ነገ ጠዋት መምህሩ ዘንድ ሂድና ምን እንደላክህ፣ ለማን፣ መቼ እንደሆነ ተናገር። እኔ አልቆጣህም። አንተ ብቻ እውነቱን ይዘህ ሂድ።

ዘመዶቻችን እስካሁን «ወንድ ብቻ ያለበት ኮሌጅ ምን ይሠራለታል? ደግሞስ ሕክምና ነው ኢንጂነሪንግ?» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ነው የቀረው፤ ኢንዲያና ዋባሽ አለ፣ አትላንታ ሞርሃውስ አለ፣ የናንተ አለ። 900 ገደማ ተማሪ ባለበት ግቢ መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሁሉ ሰላምታ መስጠት ልማድ መሆኑን ስትነግረኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አያትህ ይህን ቢሰሙ እዚያው ይመርቁህ ነበር። ነገር ግን ሁሉ በሚተዋወቅበት ቦታ ስም ቶሎ ይቆሽሻል። የሬቶሪክ፣ የመጻፍና የመናገር፣ ኮርሶችህንም አትናቃቸው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1978 ጀምሮ መምህራኑ እያንዳንዱ ተመራቂ በግልጽና በአሳማኝ መንገድ እንዲጽፍና እንዲናገር ወስነው የያዙት ነገር ነው፤ ሌላ ሰው የጻፈልህ ድርሰት ከዚያ ምንም አያስተምርህም።

ስለ ፋርምቪልም የምትኖርበትን አውቀህ ኑር። ኮሌጅህ በ1775 ሲከፈት አሜሪካ ነፃነቷን ለማወጅ ስምንት ወር ያህል ይቀራት ነበር፤ ፓትሪክ ሄንሪና ጄምስ ማዲሰን ከመጀመሪያዎቹ የቦርድ አባላት ነበሩ፤ ሁለቱም ባሪያ ነበራቸው። ይህን ግቢው ውስጥ ትሰማለህ። ከግቢው ወጣ ስትል ደግሞ ሞተን ሙዚየም አለ፤ ያኔ የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ለ180 ተማሪ የተሠራ ሕንፃ ውስጥ ከ450 በላይ ልጆች ይማሩ ነበር፤ የተረፉትን በሬንጅ ወረቀት በተሸፈኑ ዳሶች አስቀመጧቸው። ሚያዝያ 23 ቀን 1951፣ እንደ ፈረንጆቹ፣ ባርባራ ጆንስ የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ተማሪውን ሁሉ ይዛ ወጣች። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደና በትምህርት ቤት ነጭና ጥቁር መለየትን በሻረው፣ ብራውን በሚባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ውስጥ ከተጠቃለሉት አምስት ክሶች አንዱ ሆነ። ፋርምቪል ያለችበት ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ግን ነጭና ጥቁር አብረው ከሚማሩ ብሎ በ1959 የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ። እስከ 1964 ዘግቶ ቆየ። ለነጮቹ የግል አካዳሚ ተከፈተላቸው። ሰባት ዓመት የሞላው ጥቁር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር አሥራ ሁለት ሞላው፤ ዘመድ ያለው ወደ ሌላ ካውንቲ ተላከ፣ የሌለው ቤት ቀረ። ይህን ሳስብ እናቶቻቸውን ነው የማስበው። በየማለዳው ልጁ ለብሶ ደጃፍ ቆሞ ማየት፣ የሚልኩበት ግን የለም።

አንድ ነገር አልደብቅህም፤ ልጆቹ ያን ቀን ርእሰ መምህሩን በውሸት ስልክ ነው ከግቢው ያስወጡት፣ ተማሪውን ሁሉ ለስብሰባ በእርሱ ስም በተጻፈ ወረቀት ነው የጠሩት። ታዲያ አንተ ክርክር ስለምትወድ ይህን አንስተህ እንዳትሞግተኝ። ያቺ ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ በገዛ ፊቷ፣ በገዛ አንደበቷ ተናገረች። መዘዙንም ቤተሰቧ ተቀበለ፤ ለደኅንነቷ ሲሉ አላባማ ወደ አጎቷ ዘንድ ላኳት። ላብ ሪፖርት ማቀበል ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። አንድ ቅዳሜ ሙዚየሙን ሄደህ እየው። ሮሜትህንም ይዘኸው ሂድ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በሴሚስተር ከ12 ክሬዲት እንዳትወርድ። አንድ ኮርስ ከብዶህ ልትጥል ስታስብ መጀመሪያ የክፍያ ድጋፍ የሚሰጠውን ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ጠይቅ፤ የቨርጂኒያ ነዋሪ በመሆንህ የምታገኘው የክፍያ ድጎማ፣ ቪታግ፣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ካልሆንህ ይቆረጣል። ፋፍሳ፣ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ መጠየቂያው ቅጽ፣ በየዓመቱ ይታደሳል፤ እኔ የምሞላውን በጊዜ እሞላለሁ፣ ያንተን ፊርማ ግን አታስጠብቀኝ።

በጾም «ቬጀቴሪያን ነኝ» ብለህ አትንገራቸው፤ አይብና እንቁላል ያመጡልሃል። «ቪጋን» በል። የሰጠሁህን ሽሮ ክፍልህ ውስጥ በምድጃ እንዳትሞክረው፤ የጭስ ማንቂያው ሕንፃውን በሙሉ ያስወጣል። የጋራ ማብሰያ ክፍል ውስጥ ሥራው፣ በርበሬውንም ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋ።

ቅዳሜ ማታ ፋርምቪል ባለው ሎንግዉድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆች ጋር ስትሄዱ የጠጣ ሰው መኪና ውስጥ አትግባ። 21 ዓመት ሳይሞላህ መጠጥ አትንካ። የሰውን እህት አክብር፤ ይህን ለአንተ መንገር እንደማያስፈልገኝ አምናለሁ፣ ግን እናት ነኝና ልበለው። ፍራተርኒቲ፣ የወንድ ተማሪዎች ማኅበር፣ ገብተህ የሚያዋርድ ወይም የሚያሳምም ነገር አድርግ ቢሉህ ውጣ፤ በቨርጂኒያ ሕግ ወንጀል ነው። እዚያም «የወንድሞች ፋይል» ብለው የድሮ ፈተና ቢያቀርቡልህ መምህሩ ሳይፈቅድ አትክፈተው። ሥራህን አትስጥ፣ የማንንም አትውሰድ ያልሁህ ለዚህም ነው።

18 ስለሞላህ ኮሌጁ ያለ ፊርማህ ውጤትህንም ሂሳብህንም ላይነግረኝ ይችላል፤ ሆስፒታል ብትገባም ሐኪሙ ላያናግረኝ ይችላል። የመረጃ ፈቃዱንና የሕክምና ውክልናውን ቅጽ በፖስታ ልኬልሃለሁ። የሕክምናውን ሁለት ምስክሮች ባሉበት ፈርም፤ እነሱም ይፈርሙበት። ለታንክስጊቪንግ በዓል ስትመጣ ከጓደኛህ ጋር ከሆነ በመንገድ 15 በከልፔፐር በኩል ኑ፤ ረቡዕ ከሰዓት መንገድ 95 ላይ ከወጣችሁ ሪችመንድን ሳታልፉ ይመሽባችኋል። ወፍራሙን ብርድ ልብስ የዚያን ጊዜ ትወስዳለህ፣ አጥቤዋለሁ።

ዛሬ ደውል።

እናትህ